የቢራ እርሾን መምረጥና ማዘጋጀት፦ ለቤት ጠማቂዎች

ቤትዎ ቢራ ለመጥመቅ አስበው ብቅሉንና ሆፕሱን ካሰናዱ፣ እርሾ ከመግዛትዎ በፊት ቴርሞሜትር ይያዙና ማብላያው ባልዲ የሚቀመጥበትን ክፍል ይለኩ። አንድ ጊዜ ለክተው አይተዉት፤ ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ፣ ከሰዓት በኋላና ማታ ከመተኛትዎ በፊት፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን ለክተው ይጻፉት። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «የትኛው እርሾ ጥሩ ነው?» ብለው ነው። መጠየቅ ያለበት ግን «በእኔ ክፍል ሙቀት ሳይጨነቅ የሚሠራው የትኛው ነው?» ተብሎ ነው። በ19 ዲግሪ ንጹሕና ለስላሳ ቢራ የሚሰጥ እርሾ፣ በ28 ዲግሪ ላይ ጉሮሮ የሚያቃጥልና የቀለም ማቅጠኛ የሚሸት መጠጥ ሊሰጥዎ ይችላል። እርሾው ያው ነው፣ ብቅሉም ያው ነው፤ የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው።

እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። የብቅሉን ስኳር ይበላል፣ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በዚያው መካከል መጠናቸው እጅግ ትንሽ የሆነ፣ ለአፍንጫና ለምላስ ግን ጎልተው የሚሰሙ ብዙ ውህዶችን ይሠራል። በቢራ ውስጥ የሚሸተን ሙዝ፣ ቅርንፉድ፣ ፖም ወይም ቅቤ ብዙውን ጊዜ የእርሾው ሥራ ነው። ከአንድ ድስት የወጣን የብቅል ጭማቂ ለሁለት ከፍለው ሁለት ዓይነት እርሾ ቢጨምሩበት፣ ከሁለቱ ባልዲዎች ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ቢራዎች ይቀዳሉ። ይህን ማወቅ ለሰው ልጅ ረጅም ጊዜ ወስዷል። በ1516 በባቫሪያ የወጣው ታዋቂው የቢራ ሕግ ገብስ፣ ሆፕስና ውኃ ብቻ ይግቡ ብሎ ሲደነግግ የእርሾን ስም አላነሣም። ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ ያደረገውን ጥናት ያሳተመው በ1876 ነው፤ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ደግሞ በ1883 በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ከአንዲት ሴል የተባዛ ንጹሕ የቢራ እርሾ ለየ። ዛሬ በትንሽ ፓኬት የሚሸጥልን እርሾ የዚያ ሥራ ፍሬ ነው።

የጠላ እጅ ላላቸው

ጠላ የጠመቀ ሰው ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ጌሾው በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ብቅሉና ቂጣው ተጨምሮበት የሚሰነብተው ጥንስስ ዓላማው እርሾውን አንቅቶና አብዝቶ ለዋናው ሥራ ማድረስ ነው። እኛም ከዚህ በታች በጠርሙስ የምናዘጋጀው ትንሽ ጥንስስ ለዚሁ ነው። ጋኑን በግራዋ አሽቶ አጥቦ በወይራ ማጠንም ያልተፈለገ ተህዋስን ለመቀነስ የሚደረግ ብልሃት ነው።

ልዩነቱ እርሾው በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። የጠላ እርሾ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው ግድግዳ በራሱ ይመጣል፤ መጠጡን የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎችም አብረውት ይገባሉ። ጠላ በቀናት ውስጥ ስለሚጠጣ ይህ አያስጨንቅም፤ ጥቂቷ መኮምጠጥ እንዲያውም የጣዕሙ አካል ናት። ቢራ ግን በጠርሙስ ታሽጎ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀመጣል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ባክቴሪያው ሥራውን አያቋርጥም፤ ቢራው ይኮመጥጣል፣ ጠርሙሱም ከልክ ያለፈ ጋዝ ይሞላል። ስለዚህ ለሚቀመጥ ቢራ የጠላ ጥንስስም ሆነ የእንጀራ እርሾ አይጠቀሙ።

የዳቦ እርሾስ? በየሱቁ የሚሸጠው ደረቅ የዳቦ እርሾ ከኤል፣ ማለትም ሞቅ ባለ ክፍል ከሚጠመቀው ቢራ፣ እርሾ ጋር ዝርያው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ ናቸው። ስኳሩን ይበላል፣ አልኮልም ይሠራል። ነገር ግን የተመረጠው ሊጥ ቶሎ እንዲነፋ ነው እንጂ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ታች እንዲዘቅጥ አይደለም። ስለዚህ ቢራው ሳይጠራ ይቆያል፣ የሊጥ ጣዕምም ይቀርበታል። በፊንላንድ ሳህቲ የሚባለው ባህላዊ ቢራ በዳቦ እርሾ ይጠመቃል፤ ትኩስ እያለ ስለሚጠጣ ያምርበታል። እጅዎን ለማፍታታት በ5 ሊትር ላይ 3 ግራም ያህል ጨምረው መሞከር ይችላሉ፤ ቢራውን ግን አያቆዩት። 20 ሊትር ጠምቀው፣ ቀኑን ሙሉ ደክመው በዳቦ እርሾ ማስጨረስ ግን ለብቅሉ ያሳዝናል።

ለየትኛው ክፍል የትኛው እርሾ

አሁን የጻፉትን የሙቀት መዝገብ ያውጡ። አንድ ነገር ያስታውሱ፦ እርሾው ሥራውን ሲያጧጡፍ ሙቀት ያመነጫል። የባልዲው ውስጥ ከክፍሉ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ክፍልዎ 20 ከሆነ ቢራው 24 ላይ ሊሆን ይችላልና በዚህ ሒሳብ ይምረጡ።

ከ16 እስከ 20 ዲግሪ የሚውል ክፍል ካለዎት ዕድለኛ ነዎት። አዲስ አበባና ሌሎች ደጋ ከተሞች ውስጥ ፀሐይ የማይመታው የጓዳ ጥግ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ልክ ይገኛል፤ ለኤል እርሾ ከዚህ የተሻለ ቦታ በብዙ አገር በማቀዝቀዣ ካልሆነ አይገኝም። ለመጀመሪያ ቢራ እኔ የምመክረው ሳፍኤል ዩኤስ 05 የተባለውን ደረቅ እርሾ ነው። ጣዕሙ ንጹሕ ነው፣ ጎልቶ የሚሰማው ብቅሉና ሆፕሱ ነው፤ ጥቂት ስሕተትም ይችላል። ሳፍኤል ኤስ 04 የእንግሊዝ ዓይነት ነው፤ ትንሽ የፍራፍሬ ቃና ይሰጣል፣ ሲጨርስም ከታች ተጣብቆ ስለሚቀመጥ ቢራው ቶሎ ይጠራል። ቡናማ ቀለም ላላቸው ቢራዎች እርሱን አስቀድማለሁ። ክፍሉ ቀዝቀዝ ካለ፣ ለምሳሌ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ ኖቲንግሃም የተባለው የላለማንድ ኩባንያ እርሾ እስከ 14 ዲግሪ ድረስ አይደክምም።

በአገራችን በየመጠጥ ቤቱ የለመድናቸው የፋብሪካ ቢራዎች በአብዛኛው ላገር ናቸው፤ ስለዚህ ጀማሪው ሁሉ እነርሱን ለመምሰል ይቸኩላል። እባክዎ አይቸኩሉ። የላገር እርሾ ሌላ ዝርያ ነው፤ ሳካሮማይሲስ ፓስቶሪያነስ ይባላል። የተለመደው የኤል እርሾ ቅዝቃዜ ከሚወድ የዱር እርሾ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ያ የዱር ወላጅ በአርጀንቲና ፓታጎንያ ደኖች ውስጥ ተገኝቶ ይፋ የሆነው በ2011 ነው። ይህ እርሾ ከ9 እስከ 14 ዲግሪ ላይ ቀስ ብሎ መሥራት ይፈልጋል፤ ብዛቱም እጥፍ መሆን አለበት፤ ከዚያም ለሳምንታት በቅዝቃዜ መቆየት አለበት። ፍሪጅ ከሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር ከሌለዎት ሁለት ሦስት ጥሩ ኤል እስኪጠምቁ ላገርን ያቆዩት። ልብዎ እምቢ ካለ ሳፍላገር ደብልዩ 34/70 ይሻላል፤ አምራቹ ራሱ እስከ 18 ዲግሪ ይፈቅድለታል፤ በቀዝቃዛው ወር ክፍሉ 13 ወይም 14 ሲሆን ጥሩ ነገር ይወጣዋል።

ክፍልዎ ቀን 28 እና 30 የሚደርስ ከሆነ፣ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም ሰመራ ከሆኑ፣ ከላይ የጠቀስኳቸውን ሁሉ ይተዉና ክቬይክ ይፈልጉ። ክቬይክ የኖርዌይ ገበሬዎች ከትውልድ ትውልድ ያቆዩት የቤት እርሾ ነው፤ ከእንጨት በተቀረጸ ቀለበት ላይ ወይም በጨርቅ ላይ አድርቀው ያስቀምጡት ነበር። ቮስ የተባለው ዓይነት ዛሬ በደረቅ ፓኬት ይሸጣል። ሌላውን እርሾ በሚያበላሸው ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ላይ ቮስ የብርቱካን ሽታ ያለው ጥሩ ቢራ ይሰጣል፤ በጥቂት ቀናትም ይጨርሳል። ለቆላ ጠማቂ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ደጋ ላይ ያለ ሰው ግን ክቬይክን በ17 ዲግሪ አስቀምጦ ውጤት አይጠብቅ።

የስንዴ ቢራ፣ ማለትም ሙዝና ቅርንፉድ የሚሸተውን የጀርመን ዓይነት፣ የሚወዱ ከሆነ ሙኒክ ክላሲክ የተባለውን እርሾ ይሞክሩ። ሙቀቱን 18 አካባቢ ቢይዙት ቅርንፉዱ፣ ወደ 22 ቢያደርሱት ሙዙ ይጎላል። ቤል ሴዞን የሚባለውን ሲያዩ ግን ያስቡበት። ይህ እርሾ ሌሎች የሚተዉትን ከባድ ስኳር ሁሉ እየሰባበረ ለሳምንታት መብላቱን ይቀጥላል፤ ሳይጨርስ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። የፕላስቲክ ዕቃ ላይ ቀርቶ ቀጣዩን ቢራዎንም ሊያስቸግር ስለሚችል ልምድ እስኪያገኙ ይተዉት።

ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይልመዱ። የመጀመሪያው ቁጥር ከስኳሩ ስንት እጁን እንደሚበላ የሚነግር ነው። 80 በመቶ የሚበላ እርሾ፣ የስኳሩን መጠን በሚለካው ሃይድሮሜትር 1.050 ላይ የተነሣን ጭማቂ ወደ 1.010 ያወርደዋል፤ አልኮሉም 5 በመቶ ገደማ ይሆናል። 70 በመቶ ብቻ የሚበላ እርሾ ደግሞ 1.015 ላይ ያቆማል፤ ቢራው ወፈር፣ ጣፈጥ ይላል። ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚዘቅጥ ነው፤ በደንብ የሚዘቅጥ እርሾ ጥርት ያለ ቢራ ይሰጣል። ሦስተኛው ቀኑ ነው። ቀኑ ያለፈበትን እርሾ በቅናሽ ቢያቀርቡልዎት አይግዙ።

ደረቅ ወይስ ፈሳሽ

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚጠምቅ ሰው መልሱ ደረቅ ነው፤ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። የታሸገ ደረቅ እርሾ በፍሪጅ ውስጥ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ለጥቂት ቀናት ይዞት ቢጓዝ አይሞትም። አስልከው ሲያስመጡ ትርፍ አንድ ፓኬት ይጨምሩና ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩት፤ አንድ ቀን ያወጣዎታል። የተከፈተ ፓኬት ግን በደንብ ታጥፎ ፍሪጅ ቢገባም ከሳምንት አይለፍ።

ፈሳሽ እርሾ የሚመች በዋሽንግተን፣ በሎስ አንጀለስ፣ በለንደን ወይም በስቶክሆልም የቤት ጠማቂዎች ሱቅ አጠገብ ለሚኖር ነው። ኦሪገን ያለው ዋይስት ከ1986፣ ሳንዲዬጎ ያለው ዋይት ላብስ ከ1995 ጀምረው በርካታ ዓይነቶች ያቀርባሉ፤ በደረቅ የማይገኙ ብዙ ባህላዊ እርሾዎች እዚያ አሉ። ነገር ግን ፈሳሽ እርሾ ሙቀትን አይችልም። ከሱቁ ፍሪጅ ወደ ቤትዎ ፍሪጅ በቀጥታ ይግባ፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ግን እንዳይረጋ፤ በረዶ ሴሎቹን ይገድላቸዋል።

ውጭ አገር ሲጠምቁ የአገሩን ሕግም ይወቁ፦ በአሜሪካ በ1978 የወጣው ሕግ ለቤት ፍጆታ መጥመቅን በፌዴራል ደረጃ ፈቅዷል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ባለበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን ይቻላል፤ መሸጥ ግን አይቻልም። በሳዑዲ ዓረቢያና በኩዌት ያላችሁ ወገኖች ግን ይህን ፈጽሞ አትሞክሩ፤ ቅጣቱ ከባድ ነው።

ስንት እርሾ ይበቃል

እርሾ ሲያንስ ያሉት ሴሎች ከመጠን በላይ ለመራባት ይገደዳሉ፤ ያልተፈለገ ሽታ የሚበዛው፣ ባክቴሪያም ቦታ የሚያገኘው ያኔ ነው። ለኤል በአንድ ሊትር ከግማሽ ግራም እስከ 0.8 ግራም ደረቅ እርሾ ያስፈልጋል። ስለዚህ መነሻው 1.050 አካባቢ ለሆነ 20 ሊትር ቢራ አንድ የ11.5 ግራም ፓኬት ይበቃል። መነሻው ከ1.065 ከበለጠ ሁለት ያድርጉት። ላገር ከሆነ በሊትር ከ0.8 እስከ 1.2 ግራም ነውና ለ20 ሊትር ሁለት ፓኬት ይያዙ። 10 ሊትር ብቻ የሚጠምቁ ከሆነ ግማሹን ፓኬት ለመቆጠብ አይጨነቁ፤ ሙሉውን ቢጨምሩት ቢራው አይጎዳም።

ጠማቂዎች በሴል ሲቆጥሩ ለአንድ ሚሊ ሊትር፣ ለእያንዳንዱ የስኳር ዲግሪ 750 ሺህ ሴል ይላሉ፤ ላገር የዚህ እጥፍ ነው። ከላይ የጠቀስነው 20 ሊትር ኤል በዚህ ስሌት ወደ 180 ቢሊዮን ሴል ይፈልጋል። አንድ የፈሳሽ እርሾ ፓኬት ትኩስ ሲሆን ብዙውን ጊዜ 100 ቢሊዮን ያህል ይይዛል፤ በየወሩም ከአምስት አንድ እጁ እንደሚሞት አድርጎ መገመት የተለመደ ነው። ፈሳሹ እርሾ ጥንስስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ንጽሕና

እርሾውን የሚነካ ማንኛውም ነገር፣ ማለትም ማንኪያው፣ መቀሱ፣ ቴርሞሜትሩ፣ የፓኬቱ ጫፍ ሳይቀር፣ ሁለት ጊዜ ይጸዳል። በመጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ በውኃ ይለቀለቃል፤ ቆሻሻ ያለበት ዕቃ ላይ የጀርም መድኃኒት አይሠራም። ቀጥሎ ስታር ሳን የተባለው የጀርም መድኃኒት ካለዎት በመመሪያው ልክ በጥብጠው ይንከሩት፤ መለቅለቅ አያስፈልገውም። ከሌለዎት ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ይበቃል፦ በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ለ20 ደቂቃ። ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ደጋግመው ይለቅልቁት፤ የበረኪና ትራፊ ከብቅልና ከሆፕስ ጋር ሲገናኝ የመድኃኒት ጣዕም ይሰጣል። በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር በጭራሽ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። በረኪና ብረትንም ይበላል፤ ለብረት ዕቃ ማፍላት ይሻላል።

ደረቁን እርሾ ማንቃት

ዛሬ አንዳንድ አምራቾች ፓኬቱን ቀድዶ በቀጥታ ጭማቂው ላይ መበተን ይበቃል ይላሉ፤ እውነትም ለተራ ጥንካሬ ቢራ ይበቃል። ቢራው ጠንካራ ከሆነ፣ ወይም እርሾው ሩቅ መንገድ የተጓዘ ከሆነ ግን ማንቃቱ አይቅር። ግማሽ ሰዓት ነው የሚወስደው።

ፓኬቱን ከሁለት ሰዓት በፊት ከፍሪጅ አውጥተው የክፍሉን ሙቀት እንዲይዝ ይተዉት። ውኃ ለ10 ደቂቃ አፍልተው ክዳኑን ሳያነሡ ያቀዝቅዙ፤ የተጣራ የባትሪ ውኃ አይሆንም፣ እርሾው በውኃ ውስጥ ያለውን ማዕድን ይፈልጋል። የውኃው መጠን የእርሾውን ክብደት አሥር እጥፍ ነው፤ ለአንድ ፓኬት 115 ሚሊ ሊትር፣ ግማሽ ብርጭቆ ገደማ መሆኑ ነው። ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይሁን። በጣት መገመት ይቅርና በቴርሞሜትር ይለኩ። ስኳር አይጨምሩበት፤ የደረቀው ሴል መጀመሪያ የሚፈልገው ውኃ ጠጥቶ ቆዳውን መጠገን ነው፣ ስኳር በዚያ ሰዓት ያስጨንቀዋል።

እርሾውን ከላይ በስሱ ይበትኑና 15 ደቂቃ ሳይነኩት ይቆዩ። ከዚያ በጸዳ ማንኪያ ቀስ አድርገው ያማስሉና ሌላ 10 ደቂቃ ይተዉት። ወፈር ያለ፣ ወጥ የሆነ ፈሳሽ ይሆናል። ብዙ አረፋ ባያዩ አይደንግጡ፤ ገና ምግብ አልተሰጠውም። አሁን ከዋናው ጭማቂ ጥቂት ማንኪያ እየቀዱ፣ በየ5 ደቂቃው ይጨምሩበት፤ ሙቀቱ ከባልዲው ጋር እስኪቀራረብ ድረስ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሳይጨምሩት አያቆዩት፤ ያከማቸው ኃይል ያልቅበታል።

ፓኬቱ ያረጀ መስሎዎት ከተጠራጠሩ ከጥመቃው ቀን በፊት ይፈትኑት፦ አንድ ቁንጥር በ30 ዲግሪ ውኃ አንቅተው ትንሽ ስኳር ይጨምሩበት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ምንም አረፋ ካልታየ ሌላ ይፈልጉ።

ለፈሳሽ እርሾ ጥንስስ ማዘጋጀት

ይህን ከጥመቃው ሦስት ቀን ቀደም ብለው ይጀምሩ። ለአንድ ሊትር ጥንስስ 100 ግራም የደረቀ የብቅል ዱቄት፣ ማለትም ለጠማቂዎች የሚሸጠው በውኃ የሚሟሟው ዓይነት፣ ይበቃል። ይህ ካልተገኘ ከገበያ የገብስ ብቅል ይሥሩት። 250 ግራም ብቅል ደቀቅ አድርገው ያስከኩ፣ በአንድ ሊትር ተኩል ውኃ ውስጥ ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ያቆዩት፣ በንጹሕ ጨርቅ ያጥሉት። ሃይድሮሜትሩ ከ1.035 እስከ 1.040 እንዲያነብ ነው የምንፈልገው፤ ከበለጠ በውኃ ያቅጥኑት። ጥንስሱ ጠንካራ ቢሆን ለእርሾው የሚጠቅም ሊመስል ይችላል፤ ግን ያደክመዋል። እዚህ የምንሠራው እርሾ እንጂ ቢራ አይደለም።

ቀጥሎ ጭማቂውን በድስት ያፍሉት። ባሕር ጠረፍ ላይ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ 20 ደቂቃ ያድርጉት። መጨረሻ ላይ አንድ ቁንጥር የዳቦ እርሾ ጨምረው አብሮ ቢፈላ መልካም ነው፤ የሞተው እርሾ ለሕያው እርሾ ምግብ ይሆናል። ገንዳ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ አድርገው ድስቱን ከነክዳኑ ያስቀምጡና እስከ 22 ዲግሪ ያቀዝቅዙት። ተራ ጠርሙስ ውስጥ ትኩሱን አይገልብጡ፤ ይሰነጠቃል።

የቀዘቀዘውን ጭማቂ በጸዳ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ይጨምሩ፤ ጥንስሱ የጠርሙሱን ግማሽ ብቻ ይሙላ። አሁን አጥብቀው ይናጡት። ሲፈላ ኦክስጅኑ ወጥቶበታል፤ እርሾ ለመራባት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አየር ይፈልጋል። የእርሾውን ፓኬት አፍና መቀሱን አጽድተው ይክፈቱ፣ ይጨምሩት፣ አፉን በጸዳ ፎይል ልል አድርገው ይሸፍኑት። ጠበቅ አድርገው አይክደኑት፤ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። በ20 እና በ24 ዲግሪ መካከል አኑረው፣ በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር ጠርሙሱን ክብ አድርገው ያዟዙሩት። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ በዕድገቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ትልቅ ነው።

ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥንስሱ የወተት ቡና መስሎ ይደፈርሳል፤ ከሥሩም ነጭ ድልድል ማየት ይጀምራሉ። ሽታው የዳቦና የቢራ መሆን አለበት። የኮምጣጤ፣ የተቃጠለ ጎማ ወይም የበሰበሰ ነገር ከሸተተ ሳያመነቱ ይድፉት፤ የተበላሸ ጥንስስ 20 ሊትር ቢራ ያበላሻል። ጥሩ ከሆነ ለአንድ ቀን ፍሪጅ ያስገቡት፤ እርሾው በሙሉ ይዘቅጣል። በጥመቃው ቀን ላዩን ፈሳሽ ቀስ ብለው ያንቆርቁሩ፤ ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ትንሽ ያስቀሩና የክፍሉን ሙቀት እንዲይዝ ያድርጉት። ሁለት ወር የቆየ ፓኬት ከሆነ ወይም ላገር ከጠመቁ ጥንስሱን ሁለት ሊትር ያድርጉት።

ወደ ባልዲው መጨመር

ዋናው ጭማቂ ፈልቶ ካበቃ በኋላ በተቻለ ፍጥነት ይቀዝቅዝ፤ ለኤል 18 ዲግሪ ገደማ ላይ እርሾውን ይጨምሩ። ሞቅ ያለ ላይ ጨምሮ ቆይቶ ማቀዝቀዝ ብዙ ሰው የሚወደው መንገድ ነው፤ እኔ አልደግፈውም። መጥፎ ሽታ በአብዛኛው የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው፤ ያኔ ቀዝቀዝ ብሎ ጀምሮ መጨረሻ ላይ 20 እና 21 ቢደርስ ግን ይጠቀማል፤ እርሾው የቅቤ ሽታ የሚሰጠውን ውህድ መልሶ ይበላዋል። ፈሳሽ እርሾ ከሆነ ጭማቂውን ከባልዲ ወደ ባልዲ ከፍ አድርገው በመገልበጥ አየር ያስገቡለት፤ አዲስ ደረቅ እርሾ ስንቁን ይዞ ስለሚመጣ ይህን ያህል አይፈልግም። እርሾው ከገባ በኋላ ግን አየር ጠላት ነው፤ ክዳኑን እየከፈቱ አይዩ።

ቀኑ እየሞቀ ከመጣ ባልዲውን ውኃ የያዘ ሰፊ ገንዳ ውስጥ አስቀምጠው እርጥብ ፎጣ ያልብሱት፤ ሦስት አራት ዲግሪ ያወርዳል።

በ12 እና በ24 ሰዓት መካከል አረፋ ያያሉ። 48 ሰዓት አልፎ ምንም ካልታየ በመጀመሪያ ሃይድሮሜትሩን ይመኑ፤ ክዳኑ ስለሚያስተነፍስ ብቻ አየር መውጫው ዝም ሊል ይችላል። ቁጥሩ ወርዶ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። ካልወረደና ክፍሉም ካልቀዘቀዘ ያንን ትርፍ ፓኬት ያውጡ። አረፋው ሲወርድ አይቸኩሉ፤ ባልዲውን ሁለት ሳምንት ይተዉለት፣ ለሦስት ቀን ቁጥሩ ሳይለወጥ ሲቆይ ብቻ ጠርሙስ ውስጥ ያስገቡ።

እርሾውን ለሚቀጥለው ማቆየት

ቢራው ከተቀዳ በኋላ ከሥር የሚቀረው ድልድል ከገዙት ፓኬት የበለጠ ሕያው እርሾ ይዟል። ፓኬት ከባሕር ማዶ ለሚያስመጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢራውን ቀምሰው ጥሩ ከሆነ ብቻ ያቆዩት፤ የኮመጠጠ፣ ወይም መነሻው ከ1.065 በላይ የነበረ፣ ወይም ሆፕስ የበዛበት ቢራ እርሾ አይወሰድም። የሚወሰደው ከሆነ አፍልተው ባቀዘቀዙት ግማሽ ሊትር ውኃ ባልዲው ውስጥ ያዟዙሩት፣ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከባዱ የሆፕስና የብቅል ዝቃጭ ሲወርድ ላዩን ወተት መሳይ ፈሳሽ ወደ ጸዳ ጠርሙስ ያስተላልፉ። ክዳኑን ልል አድርገው ፍሪጅ ያስገቡት፤ ጠበቅ ያለ ጠርሙስ ይፈነዳል።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ከጠመቁ ለ20 ሊትር ወደ 200 ሚሊ ሊትር ወፍራም ድልድል ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ከላይ እንዳየነው ጥንስስ ሠርተው ያንቁት። በዚህ መንገድ አምስት ጊዜ ያህል መጠቀም ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ጣዕሙ ቀስ በቀስ ይሸሻልና በአዲስ ፓኬት ይጀምሩ። ጠርሙሱ ላይ ወረቀት ይለጥፉና የእርሾውን ስም፣ የተወሰደበትን ቢራ፣ ቀኑንና ስንተኛ ዙር እንደሆነ ይጻፉበት።